የመጋዘኑ ልጅ

ነገሩ ከመለወጡ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። እኔ የስምንት ዓመት ከሰባት ወር ልጅ ነበርኩ። ከአባቴ ጋር በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ኩሽና ባለው ቤት እንኖር ነበር። እናቴ ከሞተች አምስት ዓመት አልፏታል፤ ፊቷን የማውቀው ከፎቶግራፍ ነው። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ሁለት መንገድ ተሻግራ ትኖራለች፤ ጠዋት መጥታ ፀጉሬን ጎንጉና፣ ምሳና እራት በአንድ ላይ ሠርታ፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ ትሄዳለች። ሳሎኑ ውስጥ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ሶፋና ቴሌቪዥን አለ። ከበሩ እስከ ሶፋው ሰባት የልጅ እርምጃ ነው። አንዱ ወንበር ስንዝር ያህል ከቦታው ፈቀቅ ካለ አባቴ ጉልበቱ እስኪነካው ድረስ አያስተውልም፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው ብዬ አስብ ነበር።

አባቴ ተዋናይ ነበር። ሥራውን የጀመረው ሬሳ ሆኖ ነው። በሃያ ሦስት ዓመቱ አንድ ፊልም ላይ አንሶላ ለብሶ እንዲተኛ ተጠራ። "ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የተመቸኝ ሥራ አላገኘሁም፤ ዳይሬክተሩም አንድ ቀን አልተቆጣኝም" ይል ነበር። ቀጥሎ ዘበኛ ሆነ፣ ፖስተኛ ሆነ፣ ሁለት ጊዜ ዳኛ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሙሽራ አጎት ሆነ። በአራተኛው ፊልሙ ስሙ ማስታወቂያው ላይ ወጣ፤ ከሁሉም በታች፣ ከማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር ከፍ ብሎ። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ የቴሌቪዥኑ ተከታታይ ድራማ መጣለት። ሚስቱ የሞተችበት፣ ከአንዲት ልጁ ጋር የሚኖር የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ ይጫወታል። አምስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ በሰው ሁሉ ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ በገዛ ስሙ የምትጠራው አክስቴ ብቻ ቀረች። መንገድ ላይ "መጋዘኑ" ይሉታል። ባለሱቁ "ጋሼ መጋዘኑ፣ ቁልፏን እንዳትጥላት" እያለ ይቀልዳል፤ አባቴም ኪሱን ዳበስ አድርጎ "አለች" ይለዋል።

እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት "የመጋዘኑ ልጅ" ነበርኩ። ችግሩ የመጋዘኑ ልጅ ሌላ መሆኗ ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ረጅም፣ ፈገግ ስትል ጉንጯ የሚሰረጉድ ወጣት ነች። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አንድ ቀን ትክ ብላ አይታኝ "እህትሽ እንዲህ አምራ አንቺን ምን ነካሽ?" አለችኝ። እህቴ አይደለችም ብል ማን ይሰማኛል።

ሰው ሁሉ የሚያደንቀው የአባቴን አተያይ ነበር። ከሰው ጋር ሲነጋገር ፊት ለፊት አያይም፤ ሰውየው ቅርብ ከሆነ ጆሮውን፣ ራቅ ካለ ትከሻውን አልፎ ያያል። አንድ ጋዜጣ "ፊትን አልፎ ሐሳብን የሚያይ ተዋናይ" ብሎ ጻፈ፤ አክስቴ ቆርጣ ቁም ሳጥኑ ላይ ለጠፈችው። እኔንም የሚያየኝ እንደዚያ ነበር። ሳወራው ግራ ጆሮዬን ያያል። ጆሮዬ ቆሽሾ ይሆናል ብዬ በየጠዋቱ በሳሙና አሸው ነበር፤ አክስቴ "ምነው ልጄ፣ ልትነቅዪው ነው?" እስክትለኝ ድረስ። ንጹሕ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ የቀረኝ ማብራሪያ አንድ ብቻ ሆነ፤ ፊቴ ላይ ማየት የማይፈልገው ነገር አለ።

እውነቱ ሌላ ነበር። በዚያን ጊዜ የአባቴ ዓይን መሃሉ ከጠፋ ዓመት ተኩል ሆኖታል። ዳርዳሩ ደህና ነው፤ በሩን፣ ደረጃውን፣ የሚመጣውን መኪና ያያል። ቀጥ ብሎ ያየው ነገር ግን ይጠፋበታል፤ በቦታው ግራጫ ጭጋግ ይቀራል። የሰው ፊት ለማየት ከፊቱ አጠገብ ያለውን ማየት አለበት። ጆሮዬን ሲያይ የኖረው እኔን ለማየት ነው። ፊደል ግን በዚህ መንገድ አይነበብም። ይህን የሚያውቁት እሱ፣ ሐኪሙና አክስቴ ብቻ ነበሩ፤ ቢያንስ እነሱ እንደዚያ ያስቡ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ስክሪፕቱ በቡናማ ፖስታ ይመጣል። የምታመጣው ቀረጻ ላይ ትዕይንት የምትመዘግበው ቀጭን ሴትዮ ነች፤ ተዋናዩ ብርጭቆውን በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ የኮቱን ስንት ቁልፍ እንደቆለፈ እየጻፈች፣ በማግስቱ ሲቀጥሉ እንዳይሳሳቱ የምታደርግ። ደብተሯ ከእጇ ስለማይለይ ሁሉም "ደብተር" ይሏታል፤ እኔ "እትዬ ደብተር" እላታለሁ። እሷ ስትሄድ አባቴ ሶፋው ላይ ይጋደምና እርጥብ ፎጣ ዓይኑ ላይ ያደርጋል።

"ዓይኔን ላሳርፍ" ይላል። "እስቲ፣ አንባቢዬ።"

ገጾቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ አነባለሁ። መጀመሪያ የሁሉንም፤ ሁለተኛ ላይ የእሱን ትቼ የሌሎቹን፤ እሱ ከፎጣው ሥር የራሱን ይመልሳል። አራተኛው ላይ አንድ ቃል አይስትም። ተዋናይ ሁሉ ልጅ የሚወልደው ለዚህ ይመስለኝ ነበር። ልጅ የሌላቸው እንዴት እንደሚያጠኑ እያሰብኩ አዝንላቸው ነበር።

ከሁሉም የምወደው የልጅቷን ክፍል ማንበብ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ ለእኔ ይመጣል። አባቴ በራሱ ቃል ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። በቀን ከሚነግረኝ ውስጥ አብዛኛው "በልተሻል?" እና "መብራቱን አጥፊው" ነው። በስክሪፕቱ ግን "አንቺን ያየሁ ቀን ድካሜ ይወጣልኛል" ይላል። "ልጄ፣ ያላንቺ ምን አለኝ" ይላል፤ ሰው ሁሉ በሚያውቀው በዚያ ወፍራም ድምፅ። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ እሰማዋለሁ። አንዳንዴ ሳይሳሳት "ተሳስተሃል፣ እንደገና በል" እለው ነበር። ሳይከራከር ይደግምልኛል።

በዚያ ዓመት መጨረሻ ሦስት ነገሮች አስተዋልኩ።

የመጀመሪያው የረቡዕ መውጣት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ከአክስቴ ጋር አንድ ቦታ ይሄዳሉ፤ የት እንደሆነ አይነገረኝም። ሲመለስ ዓይኑ ሌላ ነው። ጥቁሩ ሰፍቶ ያብረቀርቃል፣ ዕንባ ያቀራል፤ ብርሃን ስለሚከብደው መጋረጃውን ዝጊው ይለኛል። እንደዚያ ያለ ዓይን ያየሁት በቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ ሰው ፍቅር ሲይዘው። ሐኪሙ የሚያደርግለትን ጠብታ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

ሁለተኛው አክስቴና እሱ ኩሽና ውስጥ የተነጋገሩት ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። አክስቴ እስከ መቼ ትደብቃለህ አለችው። እሱ ይሄ ዓመት ይለቅ አላት። አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ለልጅቷስ?"

"ለእሷ ምን ብዬ?"

"እንደሆነ አድርገህ። ከሰው አፍ ከምትሰማው ካንተ ብትሰማው አይሻልም?"

 እኔ ጫማዬን ሁለት ጊዜ አሰርኩት። ሊያገባ ነው አልኩ በልቤ።

ሦስተኛው ሙሽራዋ ናት። ከዚያ በኋላ እትዬ ደብተርን እንደ ሰላይ እከታተላት ጀመር። በር ላይ ስትደርስ የሸሚዙን ኮሌታ ታስተካክልለታለች። ደረጃ ሲወርዱ ክንዱን ትይዛለች፤ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ጠበቅ ታደርገዋለች። ስታወራው ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ነው። ለአንድ ልጅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልጋትም። ሴትዮዋ ግን ሚስት ልትሆን አልነበረም የምትመጣው። የሰው እጅና እግር መከታተል ሥራዋ ነው፤ አባቴ ወንበር በዓይኑ ሳይሆን በእጁ ጀርባ እንደሚፈልግ ካስተዋለች ዓመት ሞልቷታል። ለማንም አልተናገረችም፤ ለእሱም ጭምር። ወለሉ ላይ መቆሚያውን የሚያሳየውን ቢጫ ፕላስተር ብቻ ከሌሎቹ እጥፍ አድርጋ ትለጥፍለት ነበር።

እንግዲህ ነገሩን የለወጠው ፖስታ የመጣው በዚህ መሃል ነው። አባቴ ሲታጠብ እኔ ከፍቼ ገጾቹን መደርደር ጀመርኩ። የማባዣው ቀለም ሽታ ገና አልለቀቀውም። መጋዘኑ ሊያገባ ነው ይላል። ልጅቷ እምቢ ትላለች። የመጨረሻው ገጽ የመጨረሻ መስመር ላይ አባትየው በሩን ከፍቶ እንዲህ ይላል፦ "ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለሽም። ከቤቴ ውጪልኝ።"

 ይህ የተጻፈ ነገር ብቻ ነው ብሎ የሚያጽናናኝ አልነበረም፤ ቢኖርም አላምነውም። ስክሪፕቱ ላይ የተጻፈ ነገር ቤታችን ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። መጋዘኑ ጺሙን ተላጨ ሲል አባቴ ተላጭቶ መጣ። መጋዘኑ እግሩን ታመመ ሲል አባቴ ሳምንት ሙሉ ሳሎናችን ውስጥ አነከሰ። አሁን ደግሞ የልጅቷን ክፍል የማነበው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ያንን መስመር የሚናገረው ለእኔ ነው። ሦስት ጊዜ።

የውኃው ድምፅ እስኪቆም ድረስ ጊዜ ነበረኝ። በዚያ መስመር ፈንታ ሌላ በልቤ ሠራሁ። አባቴ መጥቶ ተጋደመ፣ ፎጣውን አደረገ፣ "እስቲ፣ አንባቢዬ" አለ። የሁሉንም እንዳለ አነበብኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ በአንድ ትንፋሽ እንዲህ አልኩ፦ "ግቢ፣ ልጄ። ብርድ ነው። የትም አትሄጂም።"

ፎጣውን ከአንድ ዓይኑ ገለጥ አደረገ።

"እንዲህ ነው የሚለው?"

"አዎ።"

"እስቲ ድገሚው።"

ያንኑ፣ አንድ ፊደል ሳልለውጥ፣ ደገምኩለት። ከንፈሩን መጠጠ። "ሲጣሉ ሲጣሉ ቆይተው እንዲህ ያበቃል ብዬ አላሰብኩም። ይሄ ደራሲ ልጅ ወልዷል ማለት ነው" አለ። ከዚያ መስመሩን ተናገረው። ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሦስት ጊዜ መስማት ሲኖርብኝ አምስት ጊዜ አስባልኩት። ያን ምሽት ድስቱን ጨረስኩት።

ቀረጻው ሰኞ ነበር። ትምህርት ቤት የመምህራን ስብሰባ ነው ተብሎ ተዘግቷል፤ አክስቴ ጥርሷን ተነቅላ ተኝታለች። ስለዚህ አባቴ ይዞኝ ሄደ። ስቱዲዮው የቆርቆሮ ጣራ ያለው ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ውስጡ ጨለማ፣ መሃሉ ላይ በመብራት የተጥለቀለቀ አንድ ሳሎን። የማውቀው ሳሎን ነው፤ ግን ሦስት ግድግዳ ብቻ ነበረው። በየሳምንቱ የማየው በር ከኋላው ሁለት እንጨት ተደግፎ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ዳቦ ቀለም የተቀባ ጀሶ ነው። ጥፍሬን ሰካሁበትና እጄን ቶሎ ደበቅሁ።

የቴሌቪዥኗ ልጅ ማስቲካ እያኘከች መጣች። ስትቀርብ ከኔ አክስት በላይ ዱቄት ተቀብታለች። "እውነተኛዋ አንቺ ነሽ?" ብላ ሌላ ማስቲካ ከወረቀቱ አውጥታ ገምሳ ሰጠችኝ። "አባትሽ ቤትም እንዲህ ዝምተኛ ነው? አምስት ዓመት አብረን ሠርተን ድምፄን ካልሰማ አይለየኝም፤ ባለፈው ቀሚስ ብቀይር እንግዳ መስዬው ጤና ይስጥልኝ አለኝ እኮ።" ሳቀች። እኔ ግን ደስ አለኝ። እሷንም አያያትም ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እትዬ ደብተር ከመብራቱ ውጪ፣ ጨለማው ውስጥ፣ አንድ የእንጨት ሣጥን ላይ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ሆኜ አባቴ ፊት ለፊቴ ነው፤ የቴሌቪዥኗ ልጅ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ፣ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ቆማለች።

ጀመሩ። ተጣሉ፤ እኔ ያነበብኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ሰማሁት። አባቴ በሩን ከፈተ። ልጅቷ ለመውጣት ሻንጣዋን አነሳች። ያኔ አባቴ እጁን በሩ ላይ እንዳደረገ፣ "ግቢ፣ ልጄ" አለ። "ብርድ ነው። የትም አትሄጂም።"

 ልጅቷ መውጣት ነበረባት፤ አልወጣችም። ሻንጣውን እንደያዘች ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ካሜራማኑ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ በክርኑ አፍንጫውን ጠረገ። እኔ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራሴ ሞቀኝ። እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች የሰሙት የእኔን ቃል ነው። መጋዘኑ ልጁን አላባረረም። አለቀ፣ ከእንግዲህ ማንም አይባረርም ብዬ ነበር።

ዳይሬክተሩ አስቆመ። ወጣት ነው፣ አባቴን ጋሼ ነው የሚለው። ከመብራቱ ሥር ገብቶ መስመሩ እንደዚህ እንዳልሆነ በትሕትና ነገረው። አባቴ የተጻፈው ይሄ ነው አለ። ዳይሬክተሩ ፈገግ ብሎ ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ወረቀት አነሳና ሰጠው።

"እስቲ ያንብቡልኝ፣ ጋሼ። ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል።"

አባቴ ወረቀቱን ተቀበለ፤ ከፍ አደረገው። "ግቢ፣ ልጄ። ብርድ ነው" ብሎ አነበበ።

ከመብራት ሠራተኞቹ አንዱ ሳቀ። ጨዋታ መስሎት ነው። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ። ለምን እንደተቆረጠ አልገባኝም ነበር። ዳይሬክተሩ ሳያስተውል ያነሳው ወረቀት ስክሪፕቱ አልነበረም፤ ማን ሥጋ፣ ማን አትክልት እንደሚበላ የተጻፈበት የምሳ ዝርዝር ነው።

እኔ ያየሁት ይህን ብቻ ነው፦ አባቴ ወረቀት ተሰጠው፣ ወረቀቱን አየ፣ ሁሉም ዝም አሉ። ተያዝኩ አልኩ። እውነተኛውን መስመር አሁን አነበበው። እትዬ ደብተር ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሄዳ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችና በክንዱ ያዘችው። አባቴ ራሱን ቀና አደረገ።

"እኔ ነኝ የቀየርኩት" አለ። "ቤት ሳጠና ቀየርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ዳይሬክተሩ ወደ ግድግዳው ጀርባ ወሰደው። ምን እንደተነጋገሩ አልተሰማኝም። ሲመለሱ ዳይሬክተሩ ወለሉን እያየ ነበር። አባቴ ቢጫው ፕላስተር ላይ ቆመ። በሩን ከፈተ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ልጅቷን አይደለም፤ ትከሻዋን አልፎ፣ ጨለማው ውስጥ ሣጥን ላይ የተቀመጥኩትን እኔን፣ ቀጥ አድርጎ አየኝ። ከረጅም ጊዜ ወዲህ ፊቴን ሲያየኝ የመጀመሪያው ነበር።

"ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለሽም" አለ። "ከቤቴ ውጪልኝ።"

ከሣጥኑ ወረድኩና ወጣሁ። የአዳራሹን ከባድ በር በትከሻዬ ገፋሁት፤ የቀን ብርሃን ፊቴ ላይ ፈሰሰ። ውጭ ዕቃ ጫኝ መኪና ቆሟል። በጎማውና በግድግዳው መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ማስቲካው ጣዕሙ አልቆ ድንጋይ እስኪሆን አኘክሁ። ሊፈልገኝ የመጣ ሰው እስኪኖር ብዙ ቆየሁ፤ ያገኘችኝም እትዬ ደብተር ነች። ወደ ቤት በታክሲ ወሰደችን። አባቴ ከፊት ተቀመጠ። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ እሱም ለእሷ ነው። "ልጅቷ በልታለች?" አላት። እኔን አልጠየቀኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሥራ አልሄደም። ኬብል ጠልፎት ቢወድቅ ማን ይጠየቃል፣ ዓመት ተኩል ሙሉስ ለምን ዋሸን ብለው እንዳሰናበቱት ያወቅሁት ቆይቼ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ቤት የሚውለው እኔ የምሄድበትን ቀን ሊወስን መሰለኝ። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብና የጥርስ ብሩሽ የድሮ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር አስቀመጥኩ፤ ሂጂ ሲሉኝ ዕቃ ፍለጋ እንዳልንከራተት። የጥርስ ብሩሹን ማታ አወጣለሁ፣ መልሼ እከታለሁ። ከሁለት ወር በኋላ አክስቴ ስትጠርግ ቦርሳውን አገኘችው።

"ወዴት ነው ጉዞው፣ እመቤት?"

"ትምህርት ቤት ሽርሽር አለ።"

ቀሚሶቹን አውጥታ አጣጥፋ ቁም ሳጥን አስገባችና "ሽርሽሩ ሲደርስ ንገሪኝ" አለችኝ። አልጠረጠረችም። እሷም የራሷ ሐሳብ ነበራት።

ክፍሉ በቴሌቪዥን የታየው በአምስተኛው ሳምንት ነው። አባቴ ሶፋው ላይ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ሆነን ሰማነው። ያንን መስመር ሲል፣ ልጅቷ ስትወጣ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ብርሃን ድንገት ፊቱ ላይ አርፎ መልሶ ጠፋ። ሰው ያችን ብርሃን ብዙ አደነቃት። አባቴ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። በሚቀጥለው ሳምንት ድራማው ውስጥ መጋዘኑ በልብ ድካም እንደሞተ ለልጁ በስልክ ተነገራት፤ አስከሬኑም አልታየም። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ከልቧ አዝና እርሳሷን ሰጠችኝ። አባቴ ቤት አለ ብላት ታምነኛለች ብዬ አላሰብኩም፤ እርሳሱን ተቀበልኩ።

ከዚያ እትዬ ደብተር ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመረች። የሬዲዮ ድራማ አግኝታለት ነበር። በእኔ ወንበር ተቀምጣ፣ ገጾቹን እኔ እንደምደረድረው ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ታነብለታለች። እኔ ከመኝታ ቤት በር ኋላ ሆኜ አዳምጣለሁ። ከእኔ የባሰች አንባቢ ነበረች፤ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ትውጣለች። አንድም ቀን "ተሳስተሃል፣ እንደገና በል" አላለችውም። ተጋብተው ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ኖርኩ። አልተጋቡም።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ አክስቴ የዓይኑን ነገር ነገረችኝ፤ ያኔ ጭጋጉ ወደ ዳሩም መድረስ ጀምሮ ነበር። ጆሮዬን የሚያየው ለምን እንደነበር ገባኝ። ያነበብኩለት ውሸት ምን እንዳደረገውም ገባኝ። ቦርሳ ማዘጋጀት ቀረ እንጂ ነገሩ ቀለለልኝ ማለት አይደለም። በማግስቱ ጋዜጣ ይዤ ሄጄ ላንብብልህ አልኩት። "ጥናትሽን አጥኚ፣ ልጄ" አለኝ። ሌላ ጊዜ ሞከርኩ፤ ዓይንሽ ይደክማል አለኝ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ፊቱ ቆሜ "አባዬ፣ ያን ጊዜ ያነበብኩልህ መስመር" ብዬ ጀመርኩ። "የቱ መስመር?" አለና እጁን ዘርግቶ ሬዲዮውን ከፈተ። ሁለተኛ አላነሳሁትም።

በሞተ በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ደብተር ያን ደብተር ይዛልኝ መጣች። ሸብታለች፤ ጽሕፈቷ ግን አልተለወጠም። የዚያ ሰኞ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ቀረጻ አንድ፤ ከጽሑፉ ውጪ። ስሕተት፤ የተዋናዩ። ቀረጻ ሁለት፤ ጥሩ። የአዳራሹ በር ተከፍቶ ብርሃን ገብቷል፤ ሦስት ሰከንድ።" ከሥሩ የወለሉን ንድፍ ሥላለች፤ ቢጫው ፕላስተር፣ የልጅቷ መቆሚያ፣ ካሜራው፣ ርቀታቸው በሜትር። ጥግ ላይ "ልጅ" ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ ሣጥን አለ።

እኔ አሁን መሬት ቀያሽ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ንድፍ ካየሁ ዝም ብዬ አላልፈውም። በልኬት አወጣሁት። ከእሱ እስከ ልጅቷ ሁለት ሜትር ከአርባ፣ ከእሱ እስከ እኔ ስድስት ሜትር ከሠላሳ ነው። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ማዕዘን አሥራ አንድ ዲግሪ ሆነ፤ ወደ ቀኝ። አባቴን ያክመው የነበረውን ሐኪም ፈልጌ ጠየቅሁት። የዓይኑ መሃል የጠፋበት ሰው የሚያይበት አንድ የጎን ቦታ ይለምዳል፣ ሁልጊዜም በዚያው ወገን ነው አለኝ። የአባቴን መዝገብ አውጥቶ አየ። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዲግሪ፣ ወደ ቀኝ።

ስለዚህ አባቴ በዚያች ደቂቃ ያየው የቴሌቪዥኗን ልጅ ነው። ፊቷን ለማየት ወደ እኔ ዞረ። እኔን በዚያ ርቀት፣ በዚያ ጨለማ፣ ከሣጥኑ ሊለየኝ አይችልም ነበር። አላየኝም።

እትዬ ደብተርን የቀረኝን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት። እኔ እንደቀየርኩት ያውቅ ነበር? ሻይዋን አስቀመጠች።

"አንቺን ስንፈልግ ደጅ ላይ ቆሞ 'እውነተኛውን ገጽ አንብቢልኝ' አለኝ። አነበብኩለት። ከዚያ 'ማንም እንዳይነግራት' አለኝ፤ በቃ።"

ያውቅ ነበር ማለት ነው። ለምን ሁለተኛ እንዳላስነበበኝ ሁለት ማብራሪያ አለኝ። አንደኛው፣ ያደረግሁትን እንዳላውቅና እንዳልጸጸት ሊጠብቀኝ ፈልጎ ነው። ሁለተኛው፣ ከዚያ ወዲያ በእኔ ንባብ አላመነም። ለሁለቱም ማስረጃ የለኝም፤ ከእሱ ሌላ ሊሰጠኝ የሚችል ሰውም የለም። ያለኝ ልኬቱ ነው። ከዚያ ሰኞ በኋላ አባቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ኖረ፣ አርባ ሦስት የሬዲዮ ድራማ ሠራ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ገጽ፣ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ የመድኃኒት ጠርሙስ እንኳን አንብቢልኝ ብሎኝ አያውቅም።